ለብቻዋ የተቀመጠችው ሲኒ

የእንግሊዝኛ መምህሩን አቶ ግዛቸውን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያን ቃል ለሌሎች ተማሪዎች አድለውት ቢሆን ኖሮ ትዕግሥትና ማቴዎስ በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ አቀርቅረው፣ ክንድ ለክንድ እየተነካኩና ይቅርታ እየተባባሉ ዓመቱን ይጨርሱት ነበር።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አዋሳ። በማታው ክፍል የሚማሩት ሁሉ ቀኑን ሥራ ላይ ውለው የሚመጡ አዋቂዎች ናቸው። ትዕግሥት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ማቴዎስ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ነርስ ለመሆን ደግሞ እንግሊዝኛን ማለፍ አለበት። ትምህርት ቤቱ ያለው ደህና መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ነበር። በፍቅር ለተያዘ ሰው ይህ ችግር አይባልም።

አቶ ግዛቸው የማይለቁት አንድ ልማድ ነበራቸው። ለሁለት ለሁለት ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጣሉ። ተማሪዎቹ ትርጉሙን ያወጣሉ፣ እንዴት እንደሚነገር ያጠናሉ፣ ከዚያ ቃሉ ልክ የሚሆነውን ሰው ከከተማው ፈልገው ለክፍሉ ይናገራሉ።

“መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ቃል ልብስ ሰፊ ቤት የተሰቀለ ኮት ነው” ይሉ ነበር። “ልኩ የሆነውን ሰው አግኙና ንገሩኝ።”

“ሰነፍ” ማለት የሚሆን ቃል የደረሳቸው ሁለት ወጣቶች የቀበሌያቸውን ሊቀመንበር ስም ጠርተው ክፍሉን በሳቅ ካፈረሱት ወዲህ ግን የባለሥልጣን ስም ክልክል ሆኗል።

ለትዕግሥትና ለማቴዎስ የደረሳቸው “ጄንቲል” የሚል ቅጽል ነበር።

“ይህ ቃል የሰውን መደብ የሚናገር ነው” አሉ አቶ ግዛቸው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። ያኔ “የላይኛው መደብ” የሚለው ነገር የሚሰማው “ይውደም” ከሚለው ጋር ብቻ ነበርና ቢቀንሱ አይፈረድባቸውም። “ከላይኛው መደብ የተወለደ፣ ወይም የዚያን መደብ ሥርዓት የያዘ ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሀብቱ ሄዶ ሥርዓቱ ለቀረው ሰው ይሉታል። አንዳንዴ ደግሞ በከንፈራቸው ፈገግ ብለው ነው የሚሉት፤ ያኔ ምስጋና አይደለም። ዋናውን አትርሱ፤ ሰው ስለ ራሱ አይናገረውም። ‘እኔ ጄንቲል ነኝ’ ያለ ሰው አለመሆኑን በገዛ አፉ መሰከረ። ይህን ቃል ሌላ ሰው ነው የሚሰጥህ።”

ትዕግሥት ወረቀቷ ላይ “ጨዋ” ብላ ጻፈች። ማቴዎስ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ።

“አይሆንም?” አለችው።

“ይሆናል። ልክ ነው” አላት። “ግን ‘የጨዋ ልጅ’ ሲባል እኛን ለማስቀረት ነው የሚባለው።”

እናቱ ከከተማው ወጣ ባለችው መንደር በቡሹሎ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ይህን ከትዕግሥት አልደበቀም፤ ገና በተዋወቁ ሰሞን ነግሯታል። ሸክላ ሠሪ ድስቱን፣ እንስራውን፣ ጀበናውን ለአገሩ ሁሉ ይሠራል። በሠራው ዕቃ ግን አብሮት የሚበላ የለም፤ ልጁንም ለልጁ የሚያጭ የለም። ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ በአዋጅ ከተነገረ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ ግን እስከ ጓዳ አልገባም።

“ልኩ የሆነውን ሰው አውቃለሁ” አለች ትዕግሥት። “እናቴ ናቸው። ቅዳሜ መርፌ ለመውጋት ሳይሆን በእንግድነት ቤት ናና እያቸው።”

“ስለ እኔ ያውቃሉ?”

“እስከ ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ።”

ማቴዎስ ቀና ብሎ አያት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከደጅ ሲመለስ ኖሮ ድንገት ግባ ሲባል ደስታውን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ያን ምሽት እስከ ቤቱ ድረስ እያፏጨ ሄደ።

*

ትዕግሥት ግን አልነገረቻቸውም። ጠዋት ጠዋት “እማዬ፣ አንድ ነገር” ብላ ትጀምራለች፤ እናቷ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቀና ብለው ሲያዩዋት “ከቀበሌ ሱቅ ዘይት መጥቷል መሰለኝ” ብላ ትጨርሳለች። እንዲህ እያለች ቅዳሜ ደረሰ።

አባቷ ግራዝማች ኃይለሚካኤል ባለ መሬትና ባለ ብዙ ቤት ነበሩ። መሬቱም ትርፍ ቤቱም ሲወረስ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ያለችው አንዲት ቤት ቀረች፤ ግራዝማችም ብዙ አልቆዩም። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከዚያ ሁሉ የተረፋቸውን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ዛሬም በስታርች አድርቀው ይተኩሱታል። እንግዳ ሲመጣ አንገታቸውን ቀና አድርገው በር ድረስ ይወጣሉ።

“ዶክተር፣ ግባ ልጄ” አሉት። ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ሲያማቸው መርፌ የወጋቸው እሱ ነበር። ድሬሰር ነኝ ብሎ ስንቴ ቢነግራቸውም ከማዕረጉ ዝቅ ሊያደርጉት አልፈለጉም።

ሻይ ቀረበ። ሦስት ሲኒዎች ነበሩ። የሁለቱ ከንፈር ተሸርፏል፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሽርፉን በዘዴ ወደ ራሳቸው አዙረው ያዙት። ለማቴዎስ የሰጡት ጠርዙ ወርቅማ ቀለም የተቀባውን፣ አንድም ያልተነካውን ነው። ስኳሩን ክዳን ባለው ማስቀመጫ አቀረቡለትና “እኔስ ስኳር ክልክል ነኝ” አሉ። ማንም እንዳልከለከላቸው ማቴዎስ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ከቀበሌ የተገኘችው ስኳር ለአንድ ሰው ብቻ ስለምትበቃ ነው።

ስለ ሥራው ጠየቁት፣ ስለ ትምህርቱ ጠየቁት። የማን ልጅ ነህ ብለው ግን አልጠየቁትም፤ እንግዳን በመጀመሪያ ቀን ዘር መቁጠር ነውር በነበረበት ቤት ነው ያደጉት። ማቴዎስ ግን ሌላ መሰለው። ነግራቸዋለች አለ በልቡ፤ አውቀው ነው በዚህች ሲኒ ያጠጡኝ፤ አቤቱ አመሰግንሃለሁ። ትዕግሥት ዓይኑን ሽሽት የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች። እሱ እፍረት መሰለው።

ደጅ ድረስ ሸኙትና ሄደ። መንገዱን እንዳጋመሰ መዝገበ ቃላቱን መርሳቱ ትዝ አለው። የትምህርት ቤቱ ነውና ተመለሰ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለቱ ሽርፍ ሲኒዎች ትሪው ላይ አብረው ተቀምጠዋል። እሱ የጠጣባት ግን ታጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደፍታ፣ መስኮቱ ሥር ለብቻዋ ነበረች።

ልጅ ሳለ እናቱን ተከትሎ ዕቃ ለመሸጥ በሄደበት መንደር ሁሉ፣ ውኃ ሲለምኑ የሚሰጣቸው አጥር ላይ ተደፍቶ ከሚውል ቅል ነበር። ከሌላው ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። ማቴዎስ ለብቻው የተደፋ ዕቃ ሲያይ የማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ዶክተር፣ መጽሐፍህን ረሳህ?” አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከጓዳ ብቅ ብለው። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው አቀበሉት።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ” አላቸው። የእጃቸው አክብሮት ከስድብ ይልቅ አቃጠለው።

*

ሰኞ ማቴዎስ ከክፍል ቀረ። ማክሰኞ ትዕግሥት ከሥራ ስትወጣ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደችና ጋዋኑን ሲያወልቅ አገኘችው። አብረው እስከ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

“ቃሉ ገብቶኛል” አላት ማቴዎስ፣ ሐይቁን እያየ። “ጄንቲል ማለት ፈገግ ብሎ አጠጥቶህ፣ ስትወጣ ሲኒህን ለብቻዋ የሚደፋት ሰው ነው። በመርፌዬ ተወጉ፤ እጄን አልተጸየፉም። በአፌ የነካሁትን ግን ተጸየፉ።”

ትዕግሥት ምን እንደሚል ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ማቴዎስ፣ እማዬ አያውቁም።”

“ምኑን?”

“አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ አላወቁም።”

ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። ቅዳሜ ያየው ነገር ጎድቶት ነበር፤ የአሁኑ ግን ሌላ ቦታ ነው የገባው።

“እንግዲያው ያፈረብኝ ሰው አንቺ ነሽ።”

“ፈርቼ ነው። አፍሬ አይደለም።”

“እኔ ካለሁበት ሆኖ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ትዕግሥት።”

እንባዋ ወረደ፤ ሊጠርግላት እጁን አንሥቶ መለሰው። መንካት መብቱ ይሁን አይሁን በዚያች ሰዓት አላወቀም።

“ነገ እነግራቸዋለሁ” አለች።

“ነገ አትበይኝ። እኔ ነገ ሲባል ነው ያደግሁት።”

“ዛሬ” አለች። “አሁን ሄጄ። የሚሉትን ብለው ቢያስወጡኝ እንኳ ወዳንተ ነው የምመጣው።”

ማቴዎስ መንገዱን ስታቋርጥ፣ ከዓይኑ እስክትጠፋ ድረስ፣ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ተቀይሟታል፤ ያን ቀን የወደዳትን ያህል ግን ወዷት አያውቅም።

*

ወይዘሮ ሙሉጌጥ በከሰል ካውያ ልብስ ሲተኩሱ ደረሰች። ሳትቀመጥ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ ተናገረች።

“እማዬ፣ ቅዳሜ የማቴዎስን ሲኒ ለምን ለብቻዋ ደፏት?”

“የቷን? እሷንማ ሁልጊዜ ለብቻዋ ነው” አሉ ተደንቀው። “ከሠርጌ ሲኒዎች ሳትነካ የቀረች እሷ ናት። ከሌላው ጋር ተጋጭታ እንዳትሸረፍ ብዬ ነዋ። ለከበረ እንግዳ እንጂ መች አወጣታለሁ?”

ትዕግሥት መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱንም ተወችና የቀረውን ተናገረች። እንደምትወደው፣ እንደሚወዳት፣ እናቱ ቡሹሎ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን።

ካውያው ቆመ። ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ወይዘሮ ሙሉጌጥ አነሡት። ሲኒዋን ከመስኮቱ ሥር አምጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አገላበጧት።

“ባውቅ ኖሮ አደርገው ነበር” አሉ በመጨረሻ። “አልዋሽሽም። እሱ እንዳሰበው አድርጌ ለብቻዋ እደፋት ነበር። ወይም ሌላ ዕቃ እሰጠው ነበር፣ እየሳቅሁ። እናቴም እንደዚያው ነበሩ። እግዜር ሳላውቅ አጠጣኝና ከራሴ ጉድ አዳነኝ።”

“እማዬ፣ እኔ…”

“ቆይ። ስታመም ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ የወጋኝ እኮ እሱ ነው። ትንፋሼን የመለሰውን ልጅ ትንፋሹን እጸየፍ ነበር።” ሲኒዋን ወደ ብርሃኑ አነሡ። “ይህችስ ብትሆን ሸክላ አይደለችም እንዴ? የሆነ አገር፣ የሆነች ሴት ሠርታታለች። የማን ልጅ ናት ብዬ አልጠየቅኋት።”

ያን ሳምንት ሁለተኛ አላነሡትም። ትዕግሥት በየቀኑ ፊታቸውን ታነባለች፤ ምንም አታገኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን የክት ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጅ ላይ ቆሙ።

“ጋሪ ጥሪ” አሉ። “ቡሹሎ ውሰጂኝ።”

ትዕግሥት ጋሪውን ለመጥራት ስትሮጥ ጫማዋ ሊወልቅ ነበር።

*

የማቴዎስ እናት እማማ ገበያነሽ ግቢያቸው ውስጥ፣ ያልተተኮሱ እንስራዎች መካከል ተቀምጠው የአንዱን አንገት ያለሰልሱ ነበር። ባለ ነጠላዋን ወይዘሮ ከአንዲት ወጣት ጋር ሲያዩ በጭቃ እጃቸው ተነሡ። ማቴዎስ ከቤት ወጣ፤ ትዕግሥትን አየ፣ እናቷን አየና ደጃፉ ላይ ቆመ።

“ግቢ፣ ግቢ። ፀሐይ ነው” አሉ እማማ ገበያነሽ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ “እርስዎ” የሚባል ነገር የለበትም። በርጩማውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አቀረቡ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ዘንድሮ ማገዶ መወደዱን። ጊዜው ሄደ። የሚጠጣ አልቀረበም።

ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ የወይዘሮ ሙሉጌጥ ከንፈር ደርቋል። ትዕግሥት ጥግ ላይ የቆመው የውኃ እንስራ ጎኑ ወዝቶ ስታየው ተጨነቀች። ቂም ይዘውብናል አለች በልቧ፤ ይገባናልም። ማቴዎስ ጭንቀቷን አየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ከሐይቁ ዳር ወዲህ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው።

“እናቴ ለእንደናንተ ያለ እንግዳ ውኃ አታቀርብም” አላት በሹክሹክታ። “ካቀረበች እንግዳው ‘ጾም ነኝ’፣ ‘አሁን ጠጥቼ ነው’ ብሎ መዋሸት ይኖርበታል። ሰው ቤቷ መጥቶ እንዳይዋሽ፣ እንዳያፍርም ብላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ናት።”

ትዕግሥት የእማማ ገበያነሽን ፊት አየች። የሚጸየፋቸውን ሰው ከእፍረት ለመሸሸግ የሚጠነቀቁ ሴት። እናቷም ለእንግዳ ስኳር ለማትረፍ ‘ክልክል ነኝ’ ብለው ሐኪም ይፈጥራሉ። አቶ ግዛቸው ፈልጉ ያሉት ኮት ሁለት ሰው ላይ ልኩን ሆኖ ቁጭ ብሎ ነበር።

“ውኃ ቢሰጡኝ” አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ። “ጠምቶኛል።”

እማማ ገበያነሽ ደነገጡ። ለልጃቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

“ከጎረቤት ብርጭቆ አምጣ እያለችኝ ነው” አለ ማቴዎስ፣ መሬት መሬት እያየ።

“ለምን ብሎ? እዚህ ቤት ውኃ የሚጠጣበት የለም እንዴ?” ወይዘሮ ሙሉጌጥ ወደ እማማ ገበያነሽ ዞሩ። “እርስዎ በሚጠጡበት ይስጡኝ።”

እርስዎ። ቡሹሎ ውስጥም ገበያ ላይም ገበያነሽን እንዲህ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም። እጃቸውን ታጠቡ፣ እንደገና ታጠቡ። የሸክላ ዋንጫቸውን ሞልተው በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

“የኔ ነው” አሉ፣ ለማስጠንቀቅ ያህል። “እኔ በሱ ነው የምጠጣ።”

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ተቀብለው ጠጡት። ሳያርፉ፣ እስከ ታች። ማቴዎስ ትንፋሹን ይዞ ከንፈራቸውን ይጠብቃል፤ በነጠላቸው ይጠርጉት እንደሆን፣ ፊታቸው ይጨማደድ እንደሆን። ምንም አላየም። እንዲያም ሆኖ አላመነም። ይሉኝታም እንደዚህ ያስጠጣል አለ በልቡ።

ወይዘሮዋ ከነጠላቸው ሥር በጥጥ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ያቺ ሲኒ ናት።

“ልጅዎ ቤቴ መጥቶ በዚህች ነው ያጠጣሁት” አሉ። “ለብቻዋ ተቀምጣ አይቶ ተከፋ። ለብቻዋ የማስቀምጣት ስለምሳሳላት ነበር። ለእርስዎ ይዣት መጣሁ። በመርፌው አድኖኛል፤ ለዚህ ያሳደጉትን ሳላመሰግን ቆይቻለሁ።”

ማቴዎስ ወደ ሲዳምኛ ለመመለስ ጀመረና ድምፁ ከዳው። እናቱ ገብቷቸው ነበር። ሲኒዋን ወደ ፀሐይ አነሡ፣ በጥፍራቸው መታ አድርገው ድምጿን አዳመጡ፣ ሥሯን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

“ጎበዝ እጅ ነው የሠራው” አሉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና ወደ ልጆቹ ዞሩ። “እናንተ ደግሞ ምን ምን ትላላችሁ በጆሮ?”

“የትምህርት ቤት ቃል ነው” አለች ትዕግሥት። “ጄንቲል ይባላል። ሥርዓት ያለው፣ ጨዋ የሆነ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ ተብለን ነው።”

“ጨዋስ እሷ ናት” አሉ እማማ ገበያነሽ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥን በአገጫቸው እያመለከቱ።

“ኧረ እሳቸው ናቸው” አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

አቶ ግዛቸው እዚያ ቢኖሩ ክፍሉን በዚሁ ያሰናብቱ ነበር። ትዕግሥት ማቴዎስን አየችው፤ እሱም አያት። ከዓይኑ ላይ ቅሬታው እየለቀቀ ነበር፤ አንድ ጥርጣሬ ብቻ ቀርቷል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ፣ እሷም ልታስለቅቀው የማትችለው።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ባዶውን ዋንጫ አነሡና ዘረጉት።

“ይድገሙኝ” አሉ። “ውኃዎ ይጣፍጣል።”

አንዴ ለይሉኝታ ይጠጣል። ለይሉኝታ ብሎ ድገሙኝ ያለ ሰው ግን ማቴዎስ ሰምቶ አያውቅም። እናቱ እንስራውን ሲያዘነብሉ ዋንጫው ሞልቶ ውኃው የወይዘሮዋ የክት ነጠላ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም እናቶች ሳቁ። ማቴዎስ ፊቱን ወደ ደረቁት እንስራዎች አዞረ። ትዕግሥት ከኋላው መጥታ፣ እናቶቹ እያዩ፣ እጁን ያዘችው። አልለቀቀችውም።

“ተመስገን” አለ ማቴዎስ፣ እያለቀሰ።